የቤት ኢንተርኔት በድሬዳዋ፦ የትኛውን እንምረጥ፣ ዋጋው ተገቢ መሆኑንስ በምን እንለካ?

በድሬዳዋ ለቤቱ ኢንተርኔት ማስገባት የሚፈልግ ሰው ለረጅም ጊዜ ብዙ የሚያወዳድረው ነገር አልነበረውም፤ ቴሌ በሰፈሩ መስመር እንዳለው ይጠይቃል፣ ካለ ተመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት በነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ከጀመረ ወዲህ፣ በሌላ በኩልም የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ወደ መኖሪያ ሰፈሮች እየገባ በመሄዱ፣ ዛሬ ከዚራ ወይም ሳቢያን የሚኖር ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት አማራጮችን ጎን ለጎን ማየት ይችላል። ምርጫ መኖሩ መልካም ሆኖ ሳለ ማወዳደሩ ግን ቀላል አይደለም፤ አንዱ አገልግሎት በሜጋቢት ይሸጣል፣ ሌላው በጊጋባይት፣ ሌላው ደግሞ «ያልተገደበ» በሚል ስም ይቀርባል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልግለጽ። የቤት ኢንተርኔት ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን በያዘበት የምሽት ሰዓት፣ እኛ በምንቀመጥበት ክፍል ውስጥ በሚደርሰን ፍጥነት ነው። በውሉ ላይ የሰፈረው ቁጥር አቅራቢው ቢበዛ እስከዚህ እሰጣለሁ ያለበት ጣሪያ ነው፤ ገንዘባችንን የምናወጣው ግን ለጣሪያው አይደለም።

ስንት ሜጋቢት ይበቃናል?

በመጀመሪያ የመለኪያውን ነገር እናጥራ፤ ብዙ ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነውና። ውል ላይ የሚጻፈው ሜጋቢት በሰከንድ ሲሆን ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየን አብዛኛውን ጊዜ ሜጋባይት በሰከንድ ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ ከ1.25 ሜጋባይት በላይ ሊያወርድ አይችልም፤ ከዚያም ላይ መረጃው ተጠቅልሎ ለሚጓዝበት አድራሻና ቁጥጥር ጥቂት በመቶ ይቀነሳል። ስለዚህ የ10 ከፍሎ በስክሪኑ ላይ 1.1 ወይም 1.2 ሜጋባይት ያየ ሰው የከፈለበትን አግኝቷል ማለት ነው።

ዩቲዩብ ለ480 ጥራት ቪዲዮ 1.1 ሜጋቢት፣ ለ720 ጥራት 2.5፣ ለ1080 ጥራት 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 20 ሜጋቢት እንዲኖር ይመክራል። በዙም በ720 ጥራት የሚደረግ የቡድን ስብሰባ ለመላክ 2.6፣ ለማውረድ 1.8 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች በየስልካቸው በ720 ጥራት ቪዲዮ ቢያዩ፣ አባት ጅቡቲ ካለ ወንድሙ ጋር በቪዲዮ ቢያወራ፣ እናት በቴሌግራምና በፌስቡክ ብትቆይ፣ ድምሩ 10 ሜጋቢት አካባቢ ይሆናል። ለአብዛኛው ቤተሰብ በምሽት በእርግጥ የሚደርስ 10 ሜጋቢት በቂ ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ «በእርግጥ የሚደርስ» የሚለውን ግን አደራ አትዝለሉት። 4ኬ ቴሌቪዥን ያለው፣ ወይም ቪዲዮ ሠርቶ የሚለጥፍ ሰው በቤቱ ያለ ቤተሰብ ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል።

የመላኪያ ፍጥነትን ሰው ሲገዛ አይጠይቅም፤ ችግሩን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው። በርቀት የሚሠራ፣ በኢንተርኔት የሚያስተምር፣ ወይም ለነጋዴ የዕቃ ፎቶና ቪዲዮ የሚልክ ሰው «ማውረጃው ስንት ነው?» ካለ በኋላ «መላኪያውስ?» ብሎ መጨመር አለበት።

ሦስቱ መንገዶች

ፋይበር በሰፈርዎ ካለ ከእሱ ይጀምሩ። ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ለመኖሪያ ቤት የሚዘረጋው ጂፖን የተባለው የፋይበር ዓይነት ከማዕከሉ 2.5 ጊጋቢት ያህል ይዞ ይነሣና በመንገድ ላይ ባለ ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይካፈላል፤ ይህ ማከፋፈያ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይል አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ መስመሩ እንዲሠራ ኃይል የሚያስፈልገው በማዕከሉና በእርስዎ ቤት ብቻ ነው፤ በቤት ያሉት ሁለት ሣጥኖች፣ የፋይበሩ መቀበያና ራውተሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠሩና ጥቂት ዋት የሚወስዱ ስለሆኑ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ አነስተኛ ባትሪ ለሰዓታት ያቆያቸዋል። መብራት ደጋግሞ በሚሄድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ከአምስትና ከዐሥር ሜጋቢት ጭማሪ የበለጠ ዋጋ አለው።

ፋይበር የሚያስገባው ባለሙያ ሲመጣ ቤት ውስጥ መገኘት ይገባል። ገመዱ በበር ማጠፊያ ወይም በመስኮት ጠርዝ ላይ ታጥፎ እንዳይቀር ይመልከቱ፤ ውስጡ ብርጭቆ ነውና ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ሳይበጠስም ብርሃኑን ያባክናል። ባለሙያው በእጁ በያዘው መለኪያ ቤትዎ የሚደርሰውን የብርሃን መጠን ያያል፤ ቁጥሩን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። በተለመደው የቤት መሣሪያ ከነጌቲቭ 8 እስከ ነጌቲቭ 27 ዲቢኤም (የብርሃኑ ኃይል መለኪያ፤ ወደ ዜሮ የቀረበው ይበረታል) ድረስ ይሠራል፤ ነገር ግን ነጌቲቭ 26 ላይ ተረክቦ የተቀበለ ሰው መስመሩ ትንሽ ሲጎዳ ወዲያው ይቋረጥበታል። ከነጌቲቭ 25 የተሻለ ካልሆነ መገጣጠሚያው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው። በኋላም ኢንተርኔት ሲጠፋ በመጀመሪያ የሣጥኑን መብራቶች ይዩ፤ «ሎስ» የሚለው ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ቤትዎ አልደረሰም ማለት ነው፣ ራውተሩን መቶ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት አይጠቅምም።

የመዳብ የስልክ መስመር ላይ የሚሠራው ኤዲኤስኤል ብዙ የሚያወያይ አይደለም። የተሻለው ዓይነት እንኳ በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋቢት ቢባልም፣ ቤትዎ ከማከፋፈያ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይወርዳል፤ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ላይ የሚቀረው ጥቂት ሜጋቢት ነው፤ መላኪያውም ከአንድ ሜጋቢት ብዙ አይርቅም። ፋይበር በሌለበትና የሲም ሲግናል ደካማ በሆነበት ቦታ ብቻ ልመርጠው እችላለሁ።

በሲም የሚሠራው የ4ጂ ራውተር ለተከራይ የተሠራ ይመስላል። ቤት ሲለቀቅ አብሮ ይሄዳል፣ ግድግዳ አይቦረቦርም፣ አከራይ አይጠየቅም፣ በዚያው በገዙበት ቀን ይሠራል። ድክመቱ አንቴናውን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር መካፈሉ ነው። በአንድ ማማ ሥር ያሉ ስልኮችና ራውተሮች ያንኑ የሬዲዮ አቅም ስለሚቀራመቱ፣ ረፋድ ላይ 30 ሜጋቢት ያሳየ ራውተር ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ቢያሳይ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። በዚህ ምክንያት የጎረቤት ምስክርነት ብቻውን አያስተማምንም፤ ሁለት መንገድ የሚራራቁ ቤቶች የተለያየ ማማ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ ራውተር ከመግዛት በፊት የሚደረገው ርካሹ ሙከራ ይህ ነው፦ የሁለቱንም ድርጅቶች ሲም ይያዙና አነስተኛ የዳታ ጥቅል ሞልተው፣ በስልክዎ ራውተሩ ሊቀመጥበት ባሰቡት ቦታ ላይ ለጥቂት ምሽቶች ይለኩ። ራውተሩን ከገዙም በኋላ ቦታውን በግምት አይወስኑ። በአሳሽ 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1 ብለው ሲገቡ አብዛኞቹ የሲም ራውተሮች የሲግናሉን ጥንካሬ ያሳያሉ፤ አርኤስአርፒ የሚለው ቁጥር ነጌቲቭ 90 አካባቢ ወይም ከዚያ የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ ነጌቲቭ 110 ከተጠጋ ግን ደካማ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መሐል ክፍል ተቀምጦ 108 የሚያሳየው ራውተር ወደ ማማው በሚያይ መስኮት አጠገብ ሲሆን 95 ሊገባ ይችላል፤ ይህ ምንም ወጪ የሌለበት የፍጥነት ጭማሪ ነው። ነገር ግን የድሬዳዋ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የመስኮት ደፍ ላይ አይቀመጥ፤ መሣሪያው ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ይጠፋል።

ከመፍረድ በፊት መለካት

«ኔቱ ቀሰስተኛ ነው» የሚለው ስሞታ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ ወደ ቤት የሚገባው መስመርና ቤት ውስጥ የሚዞረው ዋይፋይ። የማውቀው አንድ ቤተሰብ ጓዳ ላይ ቪዲዮ እየቆመ ስላስቸገረው ወደ ከፍተኛው ፓኬጅ ተዛወረ፤ ጓዳው ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። ሳሎን ላይ ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ ሲለካ መስመሩ ከመጀመሪያውም ሙሉ ፍጥነቱን ይሰጥ ነበር፤ ያጠፋው በመሐል ያለው የድንጋይ ግድግዳ ነበር። በከዚራ ያሉት የቆዩ ቤቶች፣ ይልቁንም ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት የድንጋይ ቤቶች፣ ሙቀትን እንደሚከለክሉ ሁሉ የዋይፋይን ሞገድ ይከለክላሉ። 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ወፍራም ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል፤ 2.4 ጊጋኸርትዝ ፍጥነቱ ቢያንስም የተሻለ ዘልቆ ይገባል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ትልቅ ፓኬጅ ከመግዛት ይልቅ ኬብል ስቦ በሌላው ክፍል ሁለተኛ የዋይፋይ ሣጥን መትከል ይሻላል፤ ወጪውም የአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ መስመሩን መለካት የሚፈልግ ሰው በኬብል ይለካ። ላፕቶፕ ከሌለ ስልኩን ከራውተሩ አጠገብ አድርጎ፣ የቀሩትን መሣሪያዎች ከዋይፋዩ አስወጥቶ ይለካ። ስፒድቴስት የተባለው መተግበሪያ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ያለውን ሰርቨር ራሱ ይመርጣል፤ ያ ሰርቨር በራሱ በአቅራቢው ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ ውጤቱ እውነተኛው አጠቃቀማችን ከሚሰጠን የተሻለ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፋስት ዶት ኮም የኔትፍሊክስን ሰርቨሮች ስለሚጠቀም በሁለቱም ለክቶ ማስተያየት ይጠቅማል። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ችግሩ ከቤትዎ ወደ ማዕከሉ ባለው መስመር ላይ ሳይሆን ከዚያ ወዲያ ባለው መንገድ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሰዓቱም መመረጥ አለበት። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ሙቀቱ በርትቶ ሱቆች ሲዘጉና ሰው ቤቱ ሲያርፍ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ከምሽቱ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ፣ ይህንኑ ለአንድ ሳምንት መመዝገብ በቂ ነው። አማካዩን አይውሰዱ፤ የጠዋቱ መልካም ውጤት የምሽቱን ድክመት ይሸፍነዋልና። የምሽቶቹን ውጤት ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድረው መሐል ያለውን ይያዙ፤ የመስመርዎ ትክክለኛ ፍጥነት እሱ ነው። በእኔ ግምት በኬብል ተለክቶ የምሽቱ ውጤት ከውሉ ቁጥር 80 ከመቶ በላይ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ከግማሽ በታች ሆኖ ከሰነበተ ግን ደንበኛው ዝም ማለት የለበትም።

ዋጋውን ወደ አንድ ሚዛን ማምጣት

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የየትኛውም ድርጅት ታሪፍ አይደሉም፤ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ራውተሩም ጭምር፣ ዋጋው ስለተለወጠ የቆየ የዋጋ ዝርዝር ይዞ ማወዳደር ያሳስታል፤ የዕለቱን ታሪፍ ከድርጅቱ ማዕከል መጠየቅ ግድ ነው። ሲጠይቁም 15 ከመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተበት መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዱን ከታክስ በፊት፣ ሌላውን ከታክስ በኋላ ማወዳደር የተለመደ ስሕተት ነው።

«ሀ» የተባለው መስመር 10 ሜጋቢት በወር 1,000 ብር ነው እንበል፤ «ለ» የተባለው 8 ሜጋቢት በ1,200 ብር። በወረቀት ላይ «ሀ» በሜጋቢት 100 ብር፣ «ለ» 150 ብር ስለሚሆን «ሀ» የረከሰ ይመስላል። ታክሱን እንጨምር፦ «ሀ» 1,150፣ «ለ» 1,380 ብር ይሆናሉ። «ሀ» ለመሣሪያና ለማስገቢያ 3,600 ብር፣ «ለ» 2,400 ብር ቢያስከፍሉና ይህን በ24 ወር ብናካፍለው በወር 150 እና 100 ብር ይጨመራል፤ ድምሩ 1,300 እና 1,480 ብር ነው። አሁን በምሽቱ ልክ እናካፍለው። «ሀ» ምሽት ላይ 4 ሜጋቢት ብቻ ቢያደርስ አንዱን ሜጋቢት የገዛነው በ325 ብር ነው፤ «ለ» 7.4 ቢያደርስ በ200 ብር። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ተገኘ። መቆራረጡም በዚሁ መንገድ ይገባል፤ በወር ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ የጠፋ መስመር የቀሩትን ቀናት ዋጋ 11 ከመቶ ያህል ያስወድዳቸዋል።

በጊጋባይት የሚሸጠውን ካልተገደበው ጋር ለማስተያየት ደግሞ ፍጆታን ማወቅ ያስፈልጋል። በ5 ሜጋቢት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ያህል ይበላል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ቢታይ በወር 135 ጊጋባይት ነው። ያንኑ ቪዲዮ በ480 ጥራት ያየ ቤተሰብ በወር 30 ጊጋባይት ገደማ ይበቃዋል። ብቻውን የሚኖር፣ ቀኑን ቢሮ የሚውል ሰው ላልተገደበ መስመር መክፈሉ ብዙ ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው፤ ልጆች ያሉበት ቤት ግን በጥቅል ሲገዛ በወሩ አጋማሽ ጨርሶ እንደገና ይሞላል፣ የሞላበትንም ሲደምረው ካልተገደበው በላይ ሆኖ ያገኘዋል።

«ያልተገደበ» የሚለው ቃል ሲነገርዎት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ፍጥነቱ የሚቀንስበት የአጠቃቀም ወሰን አለ ወይ? ካለስ ከዚያ በኋላ ስንት ሜጋቢት ይቀራል? ከወሰኑ በኋላ 1 ሜጋቢት የሚቀር ከሆነና ቤተሰብዎ ወሰኑን በሃያኛው ቀን የሚያልፍ ከሆነ፣ የቀሩትን ዐሥር ቀናት እንደ ጠፋ መስመር ቆጥሮ ማስላት ይገባል።

ከጎረቤት ጋር አንድ መስመር ተካፍሎ ወጪውን መጋራት በግቢ ቤቶች የተለመደ ነው፤ ክፋት የለውም ብዬ ባምንም፣ ውሉ መፍቀዱን ማየት ይገባል። ፍጥነቱም አብሮ እንደሚካፈል፣ በመስመሩ ለሚደረገውም ሁሉ በስሙ ያስገባው ሰው እንደሚጠየቅ ቀድሞ መነጋገር ያሻል።

ከገቢ አንጻርስ? የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግብ፣ ዝቅተኛው የብሮድባንድ አገልግሎት ዋጋ ከአንድ አገር የነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ 2 ከመቶ በታች መሆን አለበት ይላል። ይህ የተቀመጠው ለአገር እንጂ ለአንድ ቤት አይደለም፤ ቢሆንም በወር 20,000 ብር የሚገባው ቤት 2 ከመቶው 400 ብር መሆኑን ሲያይ የራሱ ክፍያ ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ ይገነዘባል። ኢንተርኔቱ እንጀራ የሚያስገባበት ቤት፣ ለምሳሌ በርቀት የሚሠራ ሰው ወይም ትእዛዝ በቴሌግራም የምትቀበል ልብስ ሰፊ ያሉበት፣ ከ2 ከመቶ በላይ ቢከፍል ተገቢ ነው እላለሁ። ለመዝናኛ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለሌላ ማድረግ ይሻላል።

ልኩ ከውሉ ካነሰ

የሳምንቱን መዝገብ ይዘው ይደውሉ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 700። «ኔት አይሠራም» ከማለት ይልቅ «በኬብል ለክቼ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከ10 ሜጋቢት 4 ነው የማገኘው፤ የሰባት ቀን ልክ አለኝ» ማለት ጉዳዩን ከተራ መልስ አውጥቶ ወደ ባለሙያ ያደርሰዋል። የአቤቱታ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ይጻፉ። ባለሙያው ሲመጣ ራሱ በእርስዎ ፊት በኬብል እንዲለካና ውጤቱን እንዲመዘግብ ይጠይቁት።

በድርጅቱ በኩል መፍትሔ ካልተገኘ ጉዳዩን ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መውሰድ ይቻላል። ባለሥልጣኑ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ሲሆን የደንበኞችን መብት ማስጠበቅ ከሥራዎቹ አንዱ ነው፤ የአቤቱታ ቁጥሮቹ፣ የልኩ መዝገብ፣ የውሉ ቅጂና የክፍያ ደረሰኞች ተያይዘው ሲቀርቡ ጉዳዩ ክብደት ይኖረዋል። የቴሌብር ወይም የኤምፔሳ የክፍያ መልእክቶችን ከስልክዎ አይሰርዙ፤ እነሱም ደረሰኝ ናቸው።